ድመት ያስጾምሁ ጊዜ

የፈራሁት ደም አይቼ አይደለም። ደም በቤታችን ብርቅ አይደለም፤ ቢላዋ አለ፣ የአጥር ቆርቆሮ አለ፣ ልጄም አርፋ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። የፈራሁት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የልጄን አውራ ጣት በሳሙና እያጠበች፣ እያጠበች፣ አሁንም እያጠበች ሳለ ድንገት ቀና ብላ፣

«እናቴ፣ ድመቷ አሁን የት ናት?» ያለችኝ ጊዜ ነው።

ሰው ልጁ ተነክሳ ሲመጣ «አይዞሽ» ይባላል እንጂ የድመት አድራሻ ይጠየቃል? እኔ ግን ምኑም አልገባኝ፣ እንዲያውም ኮራ ብዬ፣

«አባረርኋታ፣ ሲስተር! በመጥረጊያ ነው ያልኋት። ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም» አልኋት።

ነርሷ ቧንቧውን ዘጋችው። 

«ሄደው ያግኟት» አለችኝ። «ዛሬውኑ። ከነነፍሷ።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚሉት ድመትንም ይይዛል። መድኃኒቱ አልቋል፤ ሰሞኑን ይመጣል ተብሏል፣ መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ በደንብም ታጥቧል። ድመቷ አሥር ቀን ሙሉ ተዘግቶባት ታይታ ደህና ከሆነች፣ ስትነክስ በሽታው በምራቋ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ ልጄም ነፃ ናት። በመሃል ከታመመች ወይ ከሞተች ግን በዚያው ሰዓት መደወል አለብኝ፤ ደብዳቤ ጽፋ ወደ ባሕር ዳር ትልከናለች።

«ብትጠፋስ?»

«አትጥፋ» አለችኝ።

ምን ምልክት እንደማይ ጠየቅኋት። ለሃጭ ከበዛባት፣ ምግብ እምቢ ካለች፣ ውሃ ከፈራች፣ ድምጿ ከተለወጠ፣ ከተንገዳገደች፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣች። እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁ፤ የሱቅ ዕቃ ሦስት ከሆነ አንዱን ረስቼ ነው የምመለስ። ያንን ዝርዝር ግን አንዴ ሰምቼ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያዝሁት። በሽታውንም አላውቀው አይደለም። ሮብ ገበያ አጠገብ ነው የተወለድሁ፤ ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችንን ውሻ ነክሶት ነበር። መጨረሻ ላይ ከምሰሶ ጋር አስረውት፣ ውሃ በቅል ሲያቀርቡለት የሚያሰማውን ድምፅ እኛ ቤት ሆነን እንሰማ ነበር። እናቴ ጆሮዬን በእጇ ትይዝልኝ ነበር። አሁን እኔ የማንን ጆሮ ልያዝ? ልጄ ቤዛ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ድመቷ እንዴት እንደመጣች ካልነገርኋችሁ የሞኝነቴ ልክ አይታወቅም።

ድመቷ የአንጓች ተከራይ ድመት ነበረች። አንጓች አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ በአጥሩ ላይ አሻግራ የማታየው ነገር የለም፣ ያልታያትንም ትጨምርበታለች። ተከራይዋ ሥራ ወደ ጉንደ ወይን ተቀይሮላት ስትሄድ አልጋውን ጫነች፣ ድስቱን ጫነች፣ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር ጫነች፣ ድመቷን ተወቻት። ድመቷ በተዘጋ ቤት አራት ቀን ጮኸች። በአምስተኛው ቀን አንጓች በሩን ከፍታ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተቻትና አፉን በሲባጎ አሰረችው። ያገራችን ደንብ ነው፤ ያልተፈለገች ድመት መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በጆንያ ሆና ሩቅ ትጣላለች። ለአውቶቡስ ረዳት «ሉማሜ ስትደርስ ወርውርልኝ» ብላ ልትሰጥ ወደ መናኸሪያ ስትወጣ ቤዛ ከትምህርት ቤት መጣች።

«እትዬ አንጓች፣ ምንድን ነው የያዙት?»

«ድንች ነው።»

«ድንች ያለቅሳል?»

ድንቹ እኛ ቤት ገባ።

እኔ ድመት አልጠላም። ድመት ግን ለእኔ ደጅ የምታድር፣ ጓሮ የምታድን፣ ሲርባት ብቅ የምትል ፍጥረት ናት። ቤዛ ደግሞ በስልኳ ተመልክታ መጣችና ድመት ከቤት መውጣት የለባትም አለችኝ፤ ውጭ መኪና አለ፣ ውሻ አለ፣ የአይጥ መርዝ አለ። የተቀደደ ሳፋ ላይ አመድ ነስንሳ ከአልጋው ሥር አስቀመጠችና «ይኸ ሽንት ቤቷ ነው» አለች። የእኔ ሽንት ቤት ከጓሮ ነው። የጮቄ ብርድ ሲወርድ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ጃንጥላ ይዤ እሄዳለሁ። ድመቷ ከመኝታ ክፍል ሳትወጣ ትጸዳዳለች! ስሟንም «ሚሚ» አለቻት። ሚሚ የባለቤቴ እህት ስም ነው፤ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ምን እንደምንሆን ሳስብ ቀኑ መሸ።

ሁለት ሳምንት በሰላም ኖርን። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እንደ ወጉ ድስቴን በአመድ ፈተግሁ፣ የወተቱን ዕቃ አጥቤ ደፋሁ፣ ቅቤውን አሽጌ ሰቀልሁ። ዞር ስል ድመቷ ከነጭ ጺሟ ጋር ተቀምጣ ታየኛለች። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዴ በርበሬ ስደልዝ ልዋል፣ እሷ ከጎኔ ወተት ልትልስ? አስጾምኋት።

«እማ፣ ድመት አይጾምም» አለች ቤዛ።

«የማን ቤት ነው ያለችው?»

«ሥጋ በል ናት እኮ!»

«እኔስ ምን በል ነኝ?»

በመጀመሪያው ቀን ክክ ወጥ ሰጠኋት። አሸተተችና ልክ አመዷ ላይ እንደምታደርገው በእግሯ ጫር ጫር አድርጋ ልትቀብረው ሞከረች። የሠራሁት ወጥ እንዲህ ተንቆብኝ አያውቅም። በሁለተኛው ቀን ሽሮ ነበር፤ አላየችውም። በሦስተኛው ቀን እንደ ባሕታዊ ግድግዳ ግድግዳ እያየች ዋለች፤ እኔም ለመደችው፣ በረከት ነው አልሁ። አያችሁ፣ እንዲህ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ቤዛ ራሴን አመመኝ አለችና ቅቤ ቀባኋት። ራስ መቀባት ጾም አያስፈታም። በራፉ ላይ ፀሐይ ልትሞቅ ተቀመጠች፤ ቅቤው እየቀለጠ በግንባሯ ይወርዳል። ድመቷ ከውስጥ፣ ከመደቡ ላይ፣ አንዴ አሸተተችና ተወረወረች። ልጄ ራስ ላይ ነው ያረፈችው። መጀመሪያ ቤዛ ሳቀች፤ «እማ፣ እየላሰችኝ ነው! ነዪ እዪ!» ትላለች። ድመቷ ግን ጨዋታ ላይ አልነበረችም፤ የአራት ቀን ረኃብ ላይ ነበረች። ጥፍሯን የራስ ቆዳዋ ላይ ስትተክል ልጄ ጮኸችና አንገቷን ይዛ ጎተተቻት። ያን ጊዜ አውራ ጣቷን ነከሰቻት። እኔም በመጥረጊያ ደረስሁ።

ለነርሷ «ዝም ብላ ነከሰቻት» ነው ያልኋት። ያስራብኋት እኔ ነኝ ማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ከጤና ጣቢያው ስመለስ መራመድ ትቼ እሮጥ ነበር፤ ቤዛ ከኋላዬ «እማ፣ ቀስ በይ» ትላለች። ሰፈር ስደርስ ምን አየሁ? አንጓች ዘነዘና ይዛ፣ ሁለት ሴቶች ድንጋይ ይዘው የማገዶ ክምሩን ከበዋል። ድመቷ ከላይ ቁጢጥ ብላለች።

«መጣሽ? አይዞሽ እቴ፣ አታመልጥም! አናቷን ነው የምላት!» አለች አንጓች። ሰው የነከሰ እንስሳ በሕይወት አያድርም፤ ይኸም ደንብ ነው። ለእኔ ብለው ነው የተሰበሰቡት።

«እንዳትነኪያት!»

«ልጅሽን ነክሳ?»

«አንጓች፣ ሙች! እሷ ከሞተች ልጄም ሞተች ማለት ነው!»

 አንጓች ዘነዘናውን ቀስ አድርጋ አወረደችና ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ «ውይ፣ እሷንም ጀምሯታል» አለች።

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ቤዛ ራስ ላይ ያሰርሁትን፣ ቅቤ የጠጣ ሻሽ ፈትቼ መሬት ላይ አነጠፍሁና ተንበረከክሁ። «ውሮ፣ ውሮ፣ ውሮ» አልሁ። ያን በመጥረጊያ የመታሁትን ፍጥረት «እናቴ፣ እመቤቴ» እያልሁ ለመንሁት። ድመቷ አንጓችን አየች፣ እኔን አየች፣ ሻሹን አየች። ሻሹ አሸነፈ። ስትልስ ቅርጫት ደፋሁባት፤ በቅርጫቱም ላይ ተጋደምሁበት። ድንጋይ የያዘችው አንዷ ሴት ድንጋዩን አስቀምጣ አማተበች።

ከዚያ አሥሩ ቀን ጀመረ።

የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ጠቀጠቅሁ፣ የበሩን ሥር በጆንያ ዘጋሁ። በርበሬና ሽሮ ከቤቴ ነው የምሸጥ፤ በር መክፈት ስለፈራሁ ደንበኛ ሁሉ በመስኮት ስንጥቅ ተስተናገደ። ተላላፊ በሽታ ገባባቸው ተባለ። የባሰ ግን ምግቡ ነበር። ድመቷ መብላት አለባት፤ ካልበላች ትታመማለች፣ ከታመመች ደግሞ ረኃብ ይሁን በሽታው ማን ይለይልኛል? በሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት እንቁላል እየፈለግሁ በየደጁ መዞር ጀመርሁ። ዶሮ ያላት ደግሞ አንጓች ናት።

«እንቁላል? ምን ልታደርጊበት?»

«ለጸጉሬ ነው።»

ሰጠችኝ። በማግሥቱም ለጸጉሬ ነው አልሁ። በሦስተኛው ቀን እንቁላሏን በእጇ ይዛ፣ ሻሼን ከፍ አድርጋ አየችና፣

«ጸጉርሽ ግን ያው ነው እቴ» አለችኝ።

እውነቱን ለምን አልነገርሻትም ትሉኝ ይሆናል። ነገርኋት! በሦስተኛው ቀን፣ «ድመቷን ነው የማበላው፣ ሐኪም አዞኝ ነው» አልኋት። አንጓች ራሷን ነቀነቀች። «እኔ እኮ አልፈርድብሽም፤ ሰው ሆድ አለው» አለችኝ። እውነት ስናገር ውሸታም ሆንሁ፤ በጸጉሬ ስዋሽ ግን አምናኝ ነበር።

ስለዚህ እንቁላሉን ትቼ በአራተኛው ቀን፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ ከመስጊዱ በታች ወዳለው ሥጋ ቤት ሄድሁ። የኛዎቹ ሥጋ ቤቶች ሁሉ ተዘግተዋል። እኔ በዕድሜዬ የእስላም ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሜ አላውቅም፤ አንድ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ከጎኑ የሚሸጠውን የአጥር ችካል እያየሁ የምገዛ መሰልሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ስንት ልቁረጥልሽ፣ ልጄ?»

«እፍኝ የምታህል ብቻ። ለድመት ነው።»

ጋሽ ሰይድ ቢላዋቸውን እየሳሉ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ፣ «እሺ። በሁዳዴ እናንተ ሰፈር ድመት ይበዛል» አሉኝ።

«የእኔ እውነተኛ ድመት ናት!»

«ሁሉም እውነተኛ ናቸው፣ ልጄ። ከነአጥንቱ ይሁን?»

መሳቅ ነበረብኝ፤ እንባዬ መጣ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው፤ ቅቤውን፣ ጣቷን፣ አሥሩን ቀን። ቢላዋውን አስቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁራጩን በወረቀት ጠቅልለው ያቆዩልኝ ነበር፤ ስመጣም መጀመሪያ «ልጅቱስ?» ነበር የሚሉኝ፣ ቀጥለው «ድመቷስ?»። ከሰፈሬ ሰው ይልቅ እኒያ ሽማግሌ አመኑኝ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልምጣ። ድመት ከዚህ በፊት ዝም ብላችሁ አይታችኋል? ቁጭ ብላችሁ፣ ሥራ ፈትታችሁ? አትዩ። ድመት ደህና ሆና ሁልጊዜ የታመመች ነው የምትመስል። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ ደከመች አልሁ። ስትነቃ ወገቧን እንደ ቀስት ታጥፋለች፤ ያዛት አልሁ። ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ትቀራለች፤ በቃ አለቀልን አልሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ጸጉር ተፋች፤ የጉዞ ልብሳችንን በፌስታል አሰርሁ። ተኝታ ሳለ ከአፍንጫዋ ፊት የመዳፌን ጀርባ አስጠግቼ ትንፋሿን እለካ ነበር። ልጄንም ከተኛች በኋላ እንዲሁ አደርጋታለሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ለነርሷ ደወልሁ።

«ሲስተር! ውሃ ፈራች!»

«እንዴት አወቁ?»

«ረጨሁባትና ሮጣ ቁም ሳጥን ላይ ወጣች።»

 «እናቴ» አለች ነርሷ፣ «ድመት ናት እኮ። ውሃ ሲረጩባት ዝም ያለች ቀን ይደውሉልኝ።»

በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ቤዛ ውሃ ስትጠጣ ጉሮሮዋን አይ ነበር። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደማያት አላወቀችም መስሎኝ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣

«እማ፣ እየጠጣሁ ነው። እዪ» አለችኝ።

«ምን አልሁሽ?»

«አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ነው በስልክ ያነበብሁት።»

ልጄ በሽታው ምን እንደሚያደርግ አምስት ቀን ሙሉ ስታውቅ ኖራለች። እኔን ላለማስደንገጥ ብላ ዝም። እኔም እሷን እንዳላስደነግጣት ብዬ ዝም። ሁለታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ ድመት እያየን እየተደበቅን ነበር። አቅፌያት ላለቅስ ስል፣ «ሚሚ ደግሞ በልታለች፣ አየሁዋት፤ ሳህኑን ጨርሳለች» አለችኝና ተነሥታ ሳህኑን አጠበች።

ሰባተኛው ቀን ጠዋት ድመቷ ጮኸች። የድመት ጩኸት አይደለም። ከሆዷ ውስጥ የሚወጣ፣ የሚጎተት፣ እንደ ሕፃን ለቅሶ፣ እንደ ሙሾ። መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ሆዷን መሬት አስነክታ ትሳባለች፣ ግድግዳውን ትታከካለች። ድምጿ ተለወጠ! እንደዚያ የሮብ ገበያው ጎረቤታችን።  ፌስታሉን አነሣሁ፣ ጋቢ ደረብሁላት ለልጄ፣ በሌላው እጄ ደወልሁ።

«ድምጿ ተለወጠ፣ ሲስተር! ትንከባለላለች! ስንት ሰዓት ነው መኪናው?»

ነርሷ አልሳቀችም። «በልታለች?»

«በልታለች።»

«ለሃጭስ?»

«የላትም።»

«ወገቧን ዳበስ ሲያደርጓት ምን ትሆናለች?»

ቤዛ ዳበሰቻት። ድመቷ ዳሌዋን ከፍ፣ ጅራቷን ዘወር አደረገች። እንዳየሁት ተናገርሁ።

ነርሷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እናቴ፣ ፌስታሉን ያስቀምጡ። ባል ፈልጋ ነው።»

«በሁዳዴ?!» አልሁ።

የምለው ጠፍቶኝ ነው። ቤዛ በሰባት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጋቢውን ጨምድጄ ተንቀጠቀጥሁ። ደስታም እንደ ፍርሃት ያንቀጠቅጣል ለካ።

ደስታው ሩብ ሰዓት አልቆየም። ሙሾዋን የሰማ የሰፈሩ ወንድ ድመት ሁሉ ቆርቆሯችን ላይ ወጣ። በቀትር ጣሪያው እንደ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ይጣላሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይወጣሉ። ድመቷ ደግሞ በር በሩን ትላለች። እኔ ሦስት ቀን ይቀረኛል። አንጓች በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ቤትሽ ምን ገባበት እቴ? በጾም የሚጠበስ ሥጋ ሽታ ነው እንዴ የጠራቸው?» አለችኝ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወሬው ግን ከአጥሩ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ኖሯል።

በስምንተኛው ቀን የንስሐ አባቴ መጡ።

እኔ መደቡ ላይ ሥጋ እየከተፍሁ ነበር። ልክ ያኔ ከደጅ «ሰላም ለዚህ ቤት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የንስሐ አባት በር አያንኳኳም፤ ይገባል። «አባ፣ ቆይ!» ከማለቴ በሩ ተከፈተ፤ ድመቷም በቀሚሳቸው ሥር፣ በሁለት እግራቸው መካከል፣ ሽው አለች።

መስቀል አልተሳለምሁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ገፍትሬያቸው ነው የወጣሁ። ድመቷ የአንጓችን አጥር ጫፍ ይዛለች፤ ከወዲያ ማዶ አንድ ትልቅ ቡሬ ወንድ ድመት ይጠብቃታል። ወደዚያ ከዘለለች አለቀ፤ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የልጄ ነፍስ ከቡሬ ድመት ጋር ኮበለለች ማለት ነው።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» ይላሉ አባ።

«ይያዙልኝ!» ብዬ የሥጋውን ሳህን በግራ እጃቸው አስጨበጥኋቸው፤ አጥሩ ላይ ለመውጣት ሁለት እጅ ያስፈልገኛላ። በቀኛቸው መስቀል፣ በግራቸው ሥጋ። «አባ፣ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉት! ውሮ ይበሏት!»

«ምን ልበላት?»

«ውሮ! ስለ እመቤታችን ብለው ውሮ ይበሏት! የልጄ ነፍስ ናት!»

አባ ድመቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቤዛ በራፉ ላይ ጣቷን ታቅፋ ገርጥታ ቆማ ስታለቅስ አዩ። ከዚያ ሳህኑን ከፍ አደረጉና፣ በቅዳሴ ድምፃቸው፣ ሳብ አድርገው፣ «ውሮ...ኦ... ውሮ...ኦ...» አሉ። ሌላ ዜማ አያውቁማ።

ድመቷ ጆሮዋን አቆመች። ወደ ቡሬው ተመለከተች፣ ወደ ሥጋው ተመለከተች። አራት ቀን ማስጾሜን እዚህ ላይ አመሰገንሁ፤ ረኃብ የሚያውቅ ባል አያስቀድምም። ዘላ ወረደችና አባ እግር ሥር ተሻሸች። እኔም ከአጥሩ ላይ ወደቅሁባት ማለት ይቀለኛል፤ ጉልበቴ ተላጠ፣ ያዝኋት።

ያኔ ነው የአንጓች ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ ያለው።

አባ በሁዳዴ መካከል፣ በግቢ መካከል፣ ጥሬ ሥጋ ከፍ አድርገው ቆመዋል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። 

«ለድመቷ ነው» አሉ አባ።

«እሺ አባ» አለች አንጓች፤ ሰው እንደሚያምን ሆኖ የማያምንበት ድምፅ አለ፣ በዚያ ድምፅ። ቀስ ብላም ወረደች።

አባ ገብተው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ሦስት ጊዜ አስታጠብኋቸው። የመጡበትን ነገር ረሱት መሰለኝ፤ እኔ ግን ሁሉንም ተናገርሁ። ለነርሷ ያልነገርሁትንም። ድመቷን እኔ እንዳስራብኋት፣ ልጄን ያስነከስኋት እኔ እንደሆንሁ።

«ማን አዘዘሽ?» አሉኝ።

«ማንም። የጽድቅ መስሎኝ።»

«ድመቷን ጠየቅሻት?» ብለው ፈገግ ሊሉ ሲሉ ፊቴን አዩና ተዉት። «ቀኖና ስጡኝ ልትዪ ነው? የለም። ስምንቱን ቀን ጨርሰሽዋል፣ ሁለት ቀረሽ። ከዚህ የበለጠ እኔ አላውቅም» አሉ። የቤዛን ራስ ይዘው ረዘም አድርገው ጸለዩላት። ሲወጡ በሩን በትንሹ ከፍተው፣ በጎን፣ ሆዳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ፤ ድመቷ እንዳታመልጥ።

ዘጠነኛው ቀን ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነበት ቀን እንደዚያ ረጅም ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ቤዛ ትምህርት ቤት ሄደች፤ እኔ ከድመቷ ፊት ለፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። እሷ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። «አንድ ቀን ብቻ» አልኋት። «ከዚያ የፈለግሽውን ሁኚ። አሁን ግን እንዳትሞቺብኝ።» ደንበኛ መስኮቱን ሲያንኳኳ በርበሬ የለም አልሁት። ሦስት ጆንያ በርበሬ ከኋላዬ ተደርድሯል።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ድመቷን በቅርጫት አድርጌ፣ ነጠላዬን አልብሼ፣ ልጄን በሌላ እጄ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። መኪና በጮኸ ቁጥር ቅርጫቱ በውስጥ ይላወሳል። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ «ዶሮ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ ናት» አልኋቸው፤ ምን ልበል፣ አንደበቴ አላረፈም።

ነርሷ ቅርጫቱን ከፈት አድርጋ አየች። ድመቷም አየቻት፤ አዛጋችም።

«ወፍራለች እኮ!» አለች ነርሷ።

«ትብላ!» አልሁ።

የቤዛን ጣት ፈታ አየች፤ ቁስሉ ሽሮ ትንሽ ነጭ መስመር ብቻ ቀርቷል። መዝገቧ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መድኃኒቱም ትናንት ገብቷል፤ ለልጅዎ ግን አያስፈልጋትም። አሥር ቀን ሆኗታል፣ ድመቷ ደህና ናት። ለሚቀጥለው ግን የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷትና ትከተብ።» ቀጥላም፣ «እናቴ፣ ይቀመጡ። ቢጫ ሆነዋል» አለችኝ።

አልተቀመጥሁም። ወጥቼ ደጃፉ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ቅርጫቱን በጭኔ ይዤ ወደቅሁ ብል ይሻላል። ቤዛ ከቧንቧው በእፍኟ ውሃ ጠጥታ፣ አገጯን በእጅጌዋ ጠርጋ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን አላየሁም።

ልጄ አልታመመችም፣ አትታመምም። ከአደጋው ወጥተናል።